የአሸንዳ ሰላጣ

ሐይቅ አጠገብ እየኖረ፣ የወደቀ ዘር ሁሉ በሚበቅልበት ከተማ ተቀምጦ፣ ያለ አፈር ሰላጣ ላብቅል ብሎ የሚነሣ ሰው ከሦስት አንዱ ነው፤ ወይ ተመራማሪ ነው፣ ወይ ጤናው ተጓድሏል፣ ወይ ደግሞ ጎረቤቱ የቀበሌ ሊቀመንበር ነው። እኔ ሦስተኛው ነበርኩ። ሁለተኛው ነህ የሚሉኝም አልጠፉም። አልቀየምኳቸውም፤ ጣሪያ ላይ ወጥቼ የገዛ ቤቴን አሸንዳ ስነቅል ያዩኝ ሰዎች ናቸው።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ሐዋሳን ያኔ አዋሳ እንላት ነበር። እኔ ከደብረ ብርሃን ተዛውሬ የመጣሁ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ብርድ ከለመደ አገር የመጣ ሰው ሙቀት ሲያገኝ አንድም እንቅልፍ፣ አንድም ትዳር ያምረዋል፤ እኔን ሁለቱም አማሩኝና ብዙም ሳልቆይ ማርታን አገባሁ። ማርታ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የቱላ ልጅ ናት፤ ሥራዋ ስልክ ማገናኘት ነው። ያኔ ሩቅ አገር የሚደወለው በኦፕሬተር በኩል ስለነበር የከተማው ደስታም፣ ሐዘንም፣ ቁጣም መጀመሪያ የሚደርሰው እሷ ጆሮ ነው። አዲስ አበባን አሁኑኑ አገናኚኝ እያለ ጠረጴዛ የሚደበድበውን ሻለቃም፣ የወንድሙን መርዶ ሰምቶ ቃል ያጠረውን ነጋዴም፣ በዚያችው ለስላሳ ድምፅ «መስመር ላይ ነዎት፣ ይጠብቁ» ስትላቸው ሁለቱም ይጠብቃሉ። እኔም ካገባኋት ጀምሮ መስመር ላይ ነኝ።

ከመሃል ከተማ ወደ ሐይቁ በሚያወርደው መንገድ ላይ ጓሮ ያለው የቀበሌ ቤት ተሰጠን። ጓሮው ሰፊ ነው፣ አፈሩ ጥሩ ነው፣ ውሃው ቅርብ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነበረበት፤ አጥሩን የምንጋራው ከቀበሌው ሊቀመንበር ከጓድ ደጀኔ ጋር ነው።

ጓድ ደጀኔ ከአብዮቱ በፊት አናጢ ነበር ይባላል። እኔ የማውቀው ግን ካኪ ለብሶ፣ ሽጉጥ ታጥቆ፣ እንደምን አደራችሁ ሲል እንኳን ስብሰባ የሚከፍት የሚመስለውን ሰው ነው። በሰፈሩ ሲያልፍ ሬዲዮ ያለው ሬዲዮውን ይቀንሳል፤ ሬዲዮ የሌለው ሳቁን ይቀንሳል። ይህ ሰው ዶሮዎች ነበሩት። የራሱን ጎመን በሽቦ ስላጠረው ዶሮዎቹ የዕለት እንጀራቸውን የሚፈልጉት እኛ ጓሮ ነው። በአጥሩ ሥር ባለው ቀዳዳ ተሰልፈው ይገባሉ። ጎመን ዘራን፤ ገና ሁለት ቅጠል ሲያወጣ ጨረሱት። ቆስጣ ዘራን፤ እሱን ቅጠል እስኪያወጣ እንኳን አልታገሡም፣ ዘሩን ከአፈር እየጫሩ ለቀሙት።

የሌላ ሰው ዶሮ ቢሆን ጠጠር ይወረወርበታል። የሊቀመንበር ዶሮ ላይ ጠጠር ሲነሣ ግን የተነሣው በዶሮዋ ላይ ይሁን በአብዮቱ ላይ ማን ለይቶ ያውቃል? እኔ «እሽ» የምላቸው በሹክሹክታ ነበር። ዶሮዎቹም የሚያንሾካሹክ ሰው ፈሪ እንደሚሆን አውቀዋል መሰለኝ፣ ቀና ብለው አይተውኝ ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር። ማርታ ሄጄ ልንገረው አለችኝ። ለመንኳት። አንድ ዶሮ ሁለት ሰው ያሳስራል ብዬ ለመንኳት። እንዲህ የሚል ተረት የለም፤ እኔ ነኝ ያኔ የፈጠርኩት።

በዚህ መሃል አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለአጭር ትምህርት ቡልጋሪያ ሄዶ ተመለሰ። ያመጣው ነገር ቢኖር አንድ ሙሉ ልብስና ወሬውን ሁሉ «ሶፊያ እያለሁ» ብሎ የመጀመር ልማድ ነው። አንድ ቀን ሻይ ሰዓት ላይ፣ ሶፊያ እያለሁ በመስታወት ቤት ውስጥ ያለ አፈር፣ በውሃ ብቻ የሚበቅል ቲማቲም አይቻለሁ አለ። መምህራኑ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። እኔ ያሰብኩት ስለ ቲማቲሙ አይደለም፣ ስለ ከፍታ ነው። አትክልት አፈር ካላስፈለገው መሬት ላይ መሆን የለበትም፤ መሬት ላይ ካልሆነ ደግሞ ዶሮ አይደርስበትም። ከሊቀመንበሩ ጋር ሳልጣላ ሰላጣ የምበላበት መንገድ ተገለጠልኝ። ትልልቅ ግኝቶች ሁሉ ከድፍረት የተወለዱ ይመስለን ነበር፤ የእኔ ከፍርሃት ተወለደ።

በዚያው ሰሞን የቤታችንን አሸንዳ ዙሪያውን አወረድኩት። በጋ ስለነበር የሚያስፈራ ነገር አልታየኝም። ማርታ ከሥራ ስትመለስ አሸንዳው ጓሮ ውስጥ በቋሚ እንጨቶች ላይ፣ ታችኛው ደረቴ፣ ላይኛው ግንባሬ ድረስ ከፍ ብሎ፣ አንዱ ወደ ሌላው እንዲያፈስ ዘንበል ዘንበል ተደርጎ ቆሞ አገኘችው። ጣሪያውን አየች፣ አሸንዳውን አየች፣ እኔን አየች።

«አፈሩ ምን በደለህ?» አለችኝ።

ስለ ሶፊያ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ክረምት ሲመጣስ ብላ ብቻ ጠየቀች፤ እስከዚያ ሌላ አሸንዳ እናገኛለን አልኳት። ያን ጊዜ ሚስማር ለማግኘት እንኳን ሰልፍ ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ቢሆንም ቋሚውን ስተክል እንጨቱን የያዘችልኝ እሷ ናት።

አሸንዳዎቹን በቱላ መንገድ ዳር በሚቆፈረው፣ ውሃ ላይ ሲጥሉት በሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ ሞላኋቸው። ከላይ ቆጥ ሠርቼ በርሜል ሰቀልኩ። ውሃው ከበርሜሉ በቀጭን ጎማ ወደ መጀመሪያው አሸንዳ ይወርዳል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንቆረቆረ ከታች ወዳለው ግማሽ በርሜል ይደርሳል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ሶፊያ ውስጥ ውሃውን ወደ ላይ የሚመልሰው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። አዋሳ ውስጥ እኔ ነበርኩ። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት፣ ማታ ከትምህርት ቤት በኋላ በባልዲ እየቀዳሁ ወደ ላይ እወጣለሁ። ተማሪዎቼ መምህራችን ትከሻው ሰፋ ማለት የጀመሩት ያኔ ነው።

አትክልቱ ከአፈር የሚያገኘውን ምግብ በውሃው ውስጥ ማግኘት አለበት። አንድ የግብርና ወዳጄ ትንሽ ዩሪያ ሰጠኝና በጣም ጥቂት ጨምር አለኝ። በጣም ጥቂት የሚለው ነገር ለገበሬ ይሆናል እንጂ ለተማረ ሰው አይሆንም ብዬ በጭልፋ ጨመርኩ። ቡቃያው በጥቂት ቀን ውስጥ ተቃጥሎ የሻይ ቅጠል መሰለ። እንደገና ዘራሁ፣ ማዳበሪያውን ቀነስኩ። አሁን ደግሞ ከሰላጣው ይልቅ ውሃው አረንጓዴ ሆነ፤ የታችኛው በርሜል እንደ ኩሬ ሻገተ። ከዚያ ትንኝ መጣ።

የአዋሳ ሰው ትንኝ ሲባል የሚያስበው ወባን ነው። የመጀመሪያው ታማሚ ሌላ ሰው ሳይሆን መሐንዲሱ ራሱ ሆነ። በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ፣ አጥንቴ የሚሰበር እየመሰለኝ ሳለ፣ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ጓድ ደጀኔ በዚያው ትንኝ ቢነደፍ ምን ይውጠኛል የሚለው ነበር። ሰፈርተኛ በወባ ማስጨረስ በዚያ ዘመን ስሙ አሻጥር ነው፤ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ደግሞ ለማስረዳት ጊዜ አይሰጠውም። ለማርታ ነገሩን ሁሉ አፍርሺው፣ አሸንዳውን ወደ ጣሪያው መልሺው አልኳት። ከዚያ ሕመሙ አሸነፈኝና ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም።

ማርታ አላፈረሰችውም። መድኃኒቴን ካዋጠችኝ በኋላ የሻገተውን ውሃ ደፋችው፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ አጠበችው፣ ንጹሕ ውሃ ሞላችበት፤ እስክድን ድረስ ባልዲውን ያመላለሰችውም እሷ ናት። በማግሥቱ ከሥራ ስትመለስ በሐይቅ ዳር በኩል ዞራ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ባልዲ ሙሉ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት ይዛ መጣች። ዓሣ አመጣሁ ስትለኝ ትኩሳቱ የሚያናግረኝ መስሎኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። በርሜሉ ውስጥ የለቀቀቻቸው ትንኙን እንዲበሉልን ነው። ስለ ሰላጣው አላሰበችም። ሁለታችንም አላሰብንም።

ተሻሎኝ እንጨት ተደግፌ ወደ ጓሮ የወጣሁ ጠዋት ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ትንኙ የለም። ውሃው ጠርቷል፣ ዓሣዎቹ ውስጥ ውስጡን ይንሸራተታሉ። በዩሪያ እያቃጠልኩም እያሻገትኩም ያልሆነልኝ ነገር የዓሣ ኩስ ባለበት ውሃ ሆኖልኛል፤ ሰላጣው ከአሸንዳው አፍ ሞልቶ ወደ ውጪ ተንዠርጓል። ድንጋዩን ገለጥ አድርጌ ሥሩን አየሁት። ከአፈር የተነቀለ ሥር ቆሻሻ ነው፣ የተጨማደደ ነው። ይህ ግን እንደ አዲስ ድውር ነጭ፣ ረጅም፣ በውሃው ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚል ነው። ስንት ዓመት ሥዕሉን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል ኖሬ ሥር የሚባለውን ነገር ያየሁት ያን ቀን ነው። ማርታን ጠርቼ አሳየኋት። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየነው። ከዚያ ሄጄ ጨው አመጣሁ፣ ሰላጣውን እዚያው ቆመን በላን።

ዓሣ ባለበት ግን ወፍ አይጠፋም። አንድ አባ ኮዳ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ መጥቶ ሽንት ቤታችን ጣሪያ ላይ ቆመ። አባ ኮዳን የማያውቅ ካለ፣ ራሱ መላጣ፣ ክንፉን እንደ ጡረታ የወጣ ዳኛ ወደ ኋላ ያጣመረ፣ የሰው ቁመት ሊያህል ምንም የማይቀረው ወፍ ነው። በርሜሉን በወንፊት ሽቦ ሸፈንኩበት። እሱ ግን አልሄደም። ዓሣው ቢከለከል የጎረቤት ጫጩት አለ ብሎ ቆየ። ከጓድ ደጀኔ ጫጩቶች መካከል አንዷን አንሥቶ የዋጣት ዕለት ሊቀመንበሩ፣ ይህ ወፍ ለምን እናንተ ቤት ላይ ይቆማል ብሎ እየተቆጣ፣ በራችንን ሳያንኳኳ ወደ ጓሮ ዘለቀ። ከመቆጣቱ ብዛት ወደ ላይ ብቻ ያይ ስለነበር ግንባሩ ከላይኛው አሸንዳ ጋር ተጋጨ።

እኔ ባልዲ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቆጡ ላይ ነኝ። ጓድ ደጀኔ ጆሮው ላይ የተንጠለጠለውን የሰላጣ ቅጠል በእጁ ያዘ። ምንድነው ይሄ አለኝ። ያለ አፈር የሚለማ አትክልት ነው፣ ምርምር ነው ብዬ ተንተባተብኩ። ዶሮ የሚለውን ቃል ካፌ ላለማውጣት ያደረግሁትን ጥንቃቄ ፈተና ሳወጣ እንኳን አድርጌው አላውቅም። እጁን ወደ ድንጋዩ ከተተ፤ አፈር ፈልጎ አጣ። ከቅጠሉ ቆረጠ፣ አላመጠ።  በመጨረሻ ቋሚዎቹን አየና ጠማማ ናቸው አለኝ።

በማግሥቱ መዶሻና መጋዝ ይዞ መጣ። የሽጉጡን ቀበቶ ፈትቶ አሸንዳው ጫፍ ላይ ሰቀለና ቋሚዎቼን አንድ በአንድ እየነቀለ አስተካክሎ ተከላቸው። ሚስማር በአፉ ይዞ ያንጎራጉር ነበር። ይህን ሰው ሰፈሩ ሁሉ ሲፈራው፣ መጋዝ ሲይዝ የሚኖረውን ፊቱን ያየነው እኔና ማርታ ብቻ ነን። ማርታ ውሃ ስታቀርብለት ተባረኪ አላት፤ ወዲያው ቃሉ የስብሰባ ቃል እንዳልሆነ ትዝ ሲለው ጉሮሮውን ጠረገ።

ችግሩ የመጣው ደስ ስላለው ነው። አለቃ ሲቆጣ መከራ ነው፤ ደስ ሲለው ግን ሪፖርት ያደርጋል። ከበላይ ሰዎች ጋር በተሰበሰበ ጊዜ በእኛ ቀበሌ አንድ መምህር ተፈጥሮን አንበርክኮ ያለ አፈር ማምረት ጀምሯል፣ በቅርቡ ቀበሌውን በሙሉ አትክልት ይመግባል ብሎ ተናገረ። ከክፍለ ሀገሩ አንድ ሻምበል ከነባልደረቦቹ ቅዳሜ መጥቶ እንደሚጎበኝ ተነገረው። ዜናውን ይዞልኝ ሲመጣ ፊቱ ያበራ ነበር። እኔ አሸንዳዬን አየሁ። ቀበሌውን በሙሉ ይቅርና የቀበሌውን ዶሮዎች የሚያጠግብ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ከሰርጌ ወዲህ ያላደረግሁትን የሱፍ ልብስ ለብሼ፣ መስታወት ፊት ቆሜ ንግግር ተለማመድኩ። ንግግሩ ከጥንታዊው የጋርዮሽ ሥርዓት ተነሥቶ ነበር ወደ ሰላጣ የሚደርሰው። መካከለኛው ዘመን ላይ ስደርስ ከጓሮ የቆርቆሮ ድምፅ ሰማሁ። ሻምበሉ ቀድሞ መጣ ብዬ ሮጥኩ።

ጦጣዎች ናቸው። በሐይቁ ዳር ካሉት ዋርካዎች ወርደው፣ ሽማግሌው፣ እናቲቱ፣ ሕፃን ያዘለችው፣ ሁሉም አሸንዳዎቹ ላይ እንደ ድግስ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ያለ ችኮላ ይበላሉ። አንዱ የሰላጣውን የውጭ ቅጠል እየጣለ ልቡን ብቻ ነበር የሚመርጠው። ጮህኩ፤ በዚህ ጊዜ በሹክሹክታ አይደለም። እያጉረመረሙ ወደ ጣሪያ ወጡና ከዚያም ወደ ዛፉ ሄዱ። አሸንዳው ላይ የቀረው ድንጋይና ጉቶ ነበር።

ጓድ ደጀኔ የመጣው እንግዶቹን አስቀድሞ ሊቀበል ነው። ባዶውን አሸንዳ ሲያይ አልተቆጣም። ይልቅ ቁጣው በተሻለኝ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ፤ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ። ሰዎቹ ውሸታም ሪፖርት አቅራቢ ይሉኛል አለ፤ ቀጥሎም ቀስ ብሎ፣ አንተንም አሻጥረኛ ይሉሃል አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራው ሰው እሱም ሲፈራ የሚያድር ሰው ነው። 

ማርታ ከቤት ወጣች። የሆነውን አየች። ከጎረቤት ጎመን ቆርጠን አሸንዳው ላይ እንሰካ አልኳት፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ ያኔ ከአፌ መውጣቱን አልክድም። ጓድ ደጀኔም ቀና ብሎ ተስፋ አደረገ። እሷ ግን የተሰካ ጎመን ይጠወልጋል፣ የሆነውን እንነግራቸዋለን አለችና ፀጉሯን በሻሽ አሰረች። ወዲያው የመኪና ድምፅ ተሰማ።

ሻምበሉ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዐይኑ የማይረግብ ሰው ነው። ከኋላው ባልደረቦቹ ተከትለውት ገቡ። ባዶውን አሸንዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ከጋርዮሽ ሥርዓት ሌላ የሚወጣ ነገር አጣሁ። ማርታ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች።

«እንኳን ደህና መጡ ጓድ ሻምበል» አለች፤ በዚያችው መስመር በምታስጠብቅበት ድምፅ። «ሊያዩት የመጡትን ቅጠል ዛሬ ጠዋት ጦጣ በልቶታል። ሥሩ ግን አለ። ፈቃድዎ ከሆነ እሱን ላሳይዎት።»

ድንጋዩን በእጇ ገለጠችና አንዱን ጉቶ ቀስ ብላ ሳበችው። ያ ነጭ ሥር ውሃ እያንጠባጠበ ተመዘዘ፣ ተመዘዘ፣ ክንዷን አክሎ ወጣ። ሻምበሉ ባርኔጣውን አወለቀና ጎንበስ አለ። ቀጥላ ወደ በርሜሉ ወስዳ ዓሣዎቹን አሳየችው፤ ውሃው እንዴት እንደሚዞር፣ ማን ወደ ላይ እንደሚያወጣው ነገረችው። ባልደረቦቹ ሞተር የሆንኩትን የእኔን የሱፍ ልብስ አዩ። ሻምበሉ ቀና ብሎ አንድ ጥያቄ ጠየቃት፤ የሚቀልድ ይሁን የሚመረምር ከፊቱ አይታወቅም።

«ሰፈሩ ሁሉ ጎመን ነው። ጦጣው እናንተ ዘንድ ብቻ የመጣው ለምንድነው?»

«እኛም ገርሞናል ጓድ ሻምበል። የጓድ ሊቀመንበር ጎመን ከአጥሩ ማዶ ነው፤ አንድ ቅጠል አልተነካበትም። እሱን አልፈው ነው የመጡት።»

ሻምበሉ ወደ አጥሩ ሄደና ተንጠራርቶ አየ። የጓድ ደጀኔ ጎመን በሽቦው ውስጥ፣ ሰማዩ ክፍት ሆኖለት፣ እንደ ሙሽራ ደልቶት ቆሟል። ወደ አሸንዳው ተመለከተ፣ እንደገና ወደ ጎመኑ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሻምበሉ እየሳቀ ነው። አለቃ ከሳቀ በኋላ የሚስቅ ብዙ ነው፤ ባልደረቦቹም ሳቁ፣ እኔም ምን እንደሚያስቅ ሳይገባኝ ሳቅኩ።

ሳቁ ግን በአንድ ጊዜ አበቃ። ሻምበሉ ወደ ጓድ ደጀኔ ዞሮ ቀበሌውን በሙሉ የሚመግበው ይህ አሸንዳ ነው ወይ አለው።  ሊቀመንበሩ መምህሩ ነው እንዲህ ያለኝ ቢል ማን ይከለክለዋል? ቃሉ በእኔና በእሱ መካከል ነው፤ ሽጉጡም ሥልጣኑም የእሱ ነው። ተገትሬ ጠበቅኩ።

«ያጋነንኩት እኔ ነኝ» አለ ጓድ ደጀኔ። «መምህሩም ባለቤቱም እንዲህ አላሉም። የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ።»

ይህን ሲል ድምፁ አልጠነከረም፤ እንዲያውም ተንቀጥቅጧል። ለእኔ ግን በዚያ ዘመን ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ፣ በመድረክና በድምፅ ማጉያ ከተነገሩት ሁሉ፣ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ሻምበሉ ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ባርኔጣውን ጭንቅላቱ ላይ አደረገና በሚቀጥለው ሪፖርትህ ጦጣውንም ጨምርበት ብሎት ወደ መኪናው ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጓድ ደጀኔ የጓሯችን ሰው ሆነ። ለጦጣው ከላይ የሽቦ ጣሪያ ሠራልን። ክረምት ሲገባና የቤታችን ጣሪያ ውሃውን በሙሉ ደጃፋችን ላይ ሲያራግፈው ከጣውላ አሸንዳ ሠርቶ ሰቀለልን። አንድ ቀን ሚስማር እየመታ፣ ለመሆኑ ይህን የመሰለ አፈር እያለህ መጀመሪያ ወደ ውሃ ምን ወሰደህ ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ፍለጋ መሬት መሬት ሳይ አንዲት ዶሮው በመካከላችን አለፈች። እኔ ዶሮዋን አየሁ፤ እሱም አያት።  በማግሥቱ የአጥሩ ቀዳዳ ተደፍኗል። እኛ ግን ወደ አፈሩ አልተመለስንም፤ ያን ሥር አንዴ ያየ ሰው ወዴት ይመለሳል? አሸንዳው ዝጎ እስኪበሳ ድረስ አበቀልንበት።

እስካሁን ያልነገርኳችሁ ነገር ቢኖር የማርታ የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤት ያኔ በመንግሥት ታሽጎ እንደነበር ነው። ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ፣ መጋረጃ እየጋረዱ ነበር የሚገናኙት፤ የተያዘም፣ የታሰረም ነበር። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፣ በዚህ ነገሯ አልገባም ነበር፤ እሷ ስትወጣ መፍራት ብቻ ነበር ድርሻዬ። ሻምበሉ ከመጣ ወዲህ ግን ጓሯችን የሚጎበኝ ቦታ ተብሎ ነበርና ሰው ቢበዛብን የሚጠይቀን አልነበረም። ማርታ ይህን ከእኔ ቀድማ ነው ያሰበችው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎብኝዎች መምጣት ጀመሩ። አንዲት ነርስ ከባሏ ጋር፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ከቱላ የመጡ አሮጊት ሴትዮ። በአሸንዳዎቹ ግራና ቀኝ ቆመው፣ እጃቸውን ጠርዙ ላይ አሳርፈው፣ አንገታቸውን ወደ ሰላጣው ደፍተው ይጸልያሉ። ዐይን መጨፈን አይቻልም፤ ጎብኝ ዐይኑን አይጨፍንም። የእኔ ሥራ ከታች ወደ ላይ ውሃ ማመላለስ ነው፤ ውሃው ሲንቆረቆር ድምፃቸውን ይሸፍነዋል። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ባልዲ ተሸክሜ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጓድ ደጀኔ ያውቃል ወይስ አያውቅም እያልን ስንጨነቅ ከረምን። ከማርታ ጋር ስንነጋገር እሷ እሑድ ከሰዓት አንድ ቀን እንኳን ያልመጣው ያለ ምክንያት አይደለም ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ይህ ሊያስደስተን ይገባል ወይስ ሊያስፈራን እላታለሁ።

አንድ እሑድ አሮጊቷ ሴትዮ በሲዳምኛ ቀስ ብለው ሲጸልዩ፣ በሩ ላይ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ባልዲዬን ይዤ በአጥሩ ክፍተት አየሁ። ከሌላ ቀበሌ የመጣ፣ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ነው። ከፊቱ ጓድ ደጀኔ ቆሟል፤ መቼ እንደመጣ አላውቅም። ጥበቃው በጓድ ደጀኔ ትከሻ ላይ ወደ ውስጥ እያየ ይህ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል አለው። ጉብኝት ነው ብሎ መለሰለት። ታዲያ ሁሉም አንገታቸውን የደፉት ለምንድነው አለው።

«ሥሩን እያዩ ነው» አለ ጓድ ደጀኔ።

ጥበቃው ትንሽ አመነታና መንገዱን ቀጠለ። ጓድ ደጀኔ ግን አልሄደም። ወደ ውስጥም አልዞረም፣ አላየንም። አሮጊቷ አሜን ብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ድረስ፣ ጀርባውን ለእኛ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቶ በሩ ላይ ቆመ።